ሊት እና ኤንፒኤም፦ የኛን ካላንደር ዴት ፒከር አንዴ ሰርቶ ሁሉም ቦታ ለማስገባት ያዋጣሉ ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄ ሪቪው ረዘም ይላል ግን ፍሮንት ኤንድ ለምትሰሩ፣ በተለይ ለትንንሽ ድርጅቶች ሲስተም ለምትሰሩ ይጠቅማል ብዬ ነው ምጽፈው። ፍርዴን መጀመሪያ ልናገርና ምክንያቱን ከስር ታገኙታላችሁ። የኢትዮጵያ ካላንደር ዴት ፒከር (ፎርም ላይ ቀን የሚመረጥበት ሳጥን) እንደ ዌብ ኮምፖነንት (ምን እንደሆነ ከስር አለ) አድርጌ ሊት በሚባለው ላይብረሪ ሰርቼ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች የሚወጡበትና የሚወርዱበት ቦታ) ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ሊትን ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ፣ ኤንፒኤምንም እመክራለሁ ግን ፐብሊሽ ከማለታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገሮች አሉ፣ ቫይት የሚባለው የኮድ መጠቅለያ መሳሪያ ደግሞ ለዚህ ስራ ሰው እንደሚያወራለት ያህል አያስፈልግም ባይ ነኝ። ኮዱን መጻፉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ኮዱ ከናንተ እጅ ወጥቶ ማታውቁት ሰው ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ ያለው ነው፣ እኔም መሳሪያዎቹን የመዘንኳቸው በዛ ነው።

እኔ ምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ቤቴም ቢሮዬም እዛው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ደንበኞቼም አብዛኞቹ ከዚሁ አካባቢ ናቸው፣ ቱሉ ዲምቱ ያለ ክሊኒክ፣ አቃቂ ያለ የብድርና ቁጠባ ማህበር፣ እና አንድ የግል ትምህርት ቤት። ሶስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፣ ቀን ሲሞላ በኛ አቆጣጠር ይሁን፣ በቃ። ግን የሶስቱ ሲስተም የተሰራበት ነገር አይገናኝም፣ የማህበሩ ሪአክት ነው፣ የትምህርት ቤቱ ቪው ነው (ሁለቱም የጃቫስክሪፕት ገጽ መስሪያዎች ናቸው)፣ የክሊኒኩ ደግሞ ድሮ ሌላ ሰው የሰራው ፒኤችፒ ከጄኩዌሪ ጋር ነው፣ ባንድለር (ብዙ የኮድ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠቀልል መሳሪያ) የሚባል ነገር የለውም። ብራውዘሩ ራሱ ይዞት የሚመጣው የቀን መሙያ በፈረንጅ ብቻ ነው። የሪአክት ዴት ፒከር ብሰራ ለሪአክቱ ብቻ ነው ሚሆነው፣ ከዛ ለቪው እንደገና፣ ለፒኤችፒው እንደገና፣ ከዛ የጳጉሜ ስሌት ላይ አንድ ነገር ሲስተካከል ሶስት ቦታ ማስተካከል ነው። ይሄ ነገር እዚህ ሀገር ስንት ሰው በየቤቱ ለብቻው እንደሚሰራው ሳስብ ያበሳጨኛል፣ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ የቀን መቀየሪያ ኮድ አለው፣ ግማሹም በሆነ ዓመት ላይ ቀን ይስታል።

ስለዚ ዌብ ኮምፖነንት። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፣ ዌብ ኮምፖነንት ማለት የራሳችሁን ታግ ብራውዘሩ ላይ ትመዘግባላችሁ፣ ከዛ ብራውዘሩ እንደማንኛውም ኤችቲኤምኤል ታግ ያየዋል፣ ሪአክት ይሁን ቪው ይሁን ባዶ ፒኤችፒ ገጽ ይሁን አያገባውም። ስሙ ውስጥ ሰረዝ መኖር አለበት፣ ያለ ሰረዝ አይቀበልም፣ ወደፊት ብራውዘሩ ከሚያመጣቸው ታጎች ጋር እንዳይጋጭ ነው። ክሮም አሁን ያለውን ስታንዳርድ ከ2016 ጀምሮ ይደግፋል፣ ሳፋሪ ከ2017፣ ፋየርፎክስ ከ2018፣ ኤጅ ደግሞ ወደ ክሮሚየም ከዞረበት ከ2020 ጀምሮ፣ ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ። ማለትም የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይም ክሮሙ አፕዴት ከሆነ ይሰራል፣ ይሰራልም።

ለምን ሊት? ያለ ምንም ላይብረሪ በባዶ ጃቫስክሪፕት መስራት ይቻላል፣ አንድ በተን ብቻ ቢሆን እኔም እሱን ነበር ምመርጠው። ግን ዴት ፒከር ውስጥ ብዙ የሚቀያየር ነገር አለ፣ የተመረጠው ቀን፣ እየታየ ያለው ወር፣ ፎከስ ያለበት ሳጥን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቀን፣ የተዘጉ ቀኖች፣ እነዚህ ሁሉ ሲቀየሩ የትኛው የገጹ ክፍል መቀየር እንዳለበት በእጅ መከታተል ያደክማል። ሊት ይሄንን ይወስድላችኋል፣ ፕሮፐርቲውን ሪአክቲቭ ነው ትሉታላችሁ፣ ሲቀየር የተቀየረውን ቦታ ብቻ ያድሳል፣ ቨርቹዋል ዶም (ሪአክት ለውጥ ለማወዳደር የሚይዘው የገጹ ኮፒ) የሚባል የለውም። የሰራው የጉግሉ የፖሊመር ቲም ነው፣ እነዚህ ሰዎች ዌብ ኮምፖነንት ላይ በፈረንጅ ከ2013 አካባቢ ጀምሮ ናቸው፣ ልምዱ ይታያል። ተጨምቆ 5 ኪሎባይት አካባቢ ነው ክብደቱ። አዶቤ ስፔክትረም የሚባለውን የዌብ ኮምፖነንት ስብስቡን በሱ ነው የሰራው፣ የዌቡ ፎቶሾፕም በሱ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት።

ክብደቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል ከዛ በሞባይል ዳታ ነው ስራው የሚቀጥለው፣ ሊትን ኢንስቶል ስታደርጉ ከሱ ጋር የሚመጡት ጥቂት ፓኬጆች ብቻ ናቸው፣ ኖድ ሞጁልስ ፎልደሩ ዳታችሁን አይጨርሰውም። አንዴ ከወረደ በኋላ ደግሞ ዳታ ዘግታችሁ ሙሉ ቀን መስራት ትችላላችሁ፣ ኤንፒኤምም አንዴ ያወረደውን ካሽ ላይ ስለሚያስቀምጥ ፕሪፈር ኦፍላይን የሚለውን ብትጨምሩበት ሌላ ፕሮጀክት ላይ ያንኑ ስታስገቡ በተቻለ መጠን ከካሹ ነው ሚያመጣው።

እሺ አሁን ወደ ካላንደሩ። የኛ ካላንደር ለፕሮግራመር እንዴት የሚያምር ነገር እንደሆነ ማንም አይናገርም። 12ቱ ወር ሁሉም 30 ነው፣ የፈረንጁን 28 እና 31 የሚል ጣጣ የለውም፣ 30 ለ 7 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ወር በተቀየረ ቁጥር 1ኛው ቀን ሁለት ቀን ይገፋል፣ መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ነው፣ 2018 ላይ እንዲሁ ነው የሆነው። ጳጉሜ ብቻ ናት 5 ወይ 6 የምትሆነው፣ ዓመቱ ለ 4 ሲካፈል 3 ከተረፈ 6 ነች፣ ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው። 2015 ላይ 6 ነበረች፣ 2019 ላይም 6 ትሆናለች።

ቀን የሚስቱት መቀየሪያዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። መስከረም 1 ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው ይጽፋሉ፣ ግን ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው የሚውለው፣ 2016 ላይ እንደዛ ነው የሆነው፣ ከዛ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛባል። ፈተና ከፈለጋችሁ ገናን ውሰዱ፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታህሳስ 28 እንደሚከበር ቤታችሁ ያሉ አባቶች ይነግሯችኋል፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024ን ታህሳስ 28 ቀን 2016 ብሎ ካልመለሰላችሁ ያ መቀየሪያ የተሳሳተ ነው። ጥምቀትም እንዲሁ፣ ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ነው የዋለው፣ 19 አይደለም። እኔ ቴስት ፋይሌ ውስጥ በዓላቱን ነው ያስገባሁት፣ ሌላ ሰው ሲያነበውም ወዲያው ይገባዋል።

ብራውዘሩ ራሱ ኢንትል በሚባለው የጃቫስክሪፕት ቀንና ቁጥር መጻፊያ ውስጥ የኢትዮጵያ ካላንደር አለው ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ካላንደሩን ኢትዮፒክ ቋንቋውን አማርኛ ብላችሁ ብትሰጡት ወሩን በአማርኛ ጽፎ ይመልስላችኋል፣ ዓመተ ዓለሙም ለብቻው አለ። ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከፈረንጅ ወደኛ። ሰው በኛ ካላንደር የመረጠውን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ስሌቱን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ቴምፖራል የሚባለው አዲሱ ኤፒአይ ሁለቱንም መንገድ ይችላል፣ ፋየርፎክስ በ2025 አስገብቶታል፣ ሁሉም ሰው እጅ ላይ እስኪደርስ ግን ደንበኛ ስልክ ላይ እሱን ተማምኖ መልቀቅ ይከብዳል።

ሌላ ደግሞ ሰዓት የሚባል ወጥመድ አለ። እኛ ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) በ3 ሰዓት እንቀድማለን፣ የጃቫስክሪፕቱን ዴት እኩለ ሌሊት ላይ አድርጋችሁ ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ ብትሉት የሚወጣው የትናንትና ቀን ነው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ዩቲሲ ገና ትናንት ማታ 21 ሰዓት ላይ ነው ያለው። የብድር መክፈያ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሲገባ ደግሞ የማህበር አባል ሳያጠፋ ቅጣት ሊጻፍበት ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚ ኮምፖነንቴ የዴት ኦብጀክት አይሰጥም አይቀበልም፣ ዓመት ወር ቀን የሚል ተራ ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ቫልዩው በፈረንጅ፣ የሚታየው በኛ። የዳታቤዝ ኮለማቸውን ማንም አይነካም። ይሄን አይነት ኮምፖነንት የምትሰሩ ሰዎች ይሄን ነገር ቀድማችሁ ወስኑት፣ በኋላ ከቀየራችሁት የሁሉም ሰው ዳታ ይበላሻል።

ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ያሉት እናት ሲሞክሩት ያሉኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከየትኛውም ዶክመንቴሽን በላይ ነው የጠቀመኝ። መጀመሪያ ያሳየኋቸው ላይ ወር ወደፊትና ወደኋላ የሚወስድ ቀስት ነበር ያለው። «ልጄ፣ የሚመጡት እኮ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ይሄን ቀስት እስከ 1942 ድረስ ስጫን ይመሽብኛል፣ ደግሞ ቀኑንና ወሩን ማን ያውቀዋል፣ ዓመቱንም በግምት ነው ሚነግሩኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን ዓመቱን በቀጥታ መጻፍ ይቻላል፣ ለልደት ቀን ደግሞ ዓመት ብቻ መቀበል የሚያስችል አትሪቢዩት አለው። ውጪ የተሰሩ ዴት ፒከሮች ላይ ይሄን አይነት ነገር አላየሁም።

አሁን ሊት ላይ ስለሚያስቸግሩ ነገሮች። ትልቁ የታይፕስክሪፕቱ የክላስ ፊልድ ጉዳይ ነው። በዘመናዊው ስታንዳርድ ክላስ ውስጥ ፊልድ ስታውጁ ኦብጀክቱ ላይ በቀጥታ ይጻፋል፣ ከዛ ሊት ያዘጋጀውን ጌተርና ሴተር (ፕሮፐርቲው ሲነበብና ሲቀየር የሚሰሩ ፈንክሽኖች) ይሸፍነዋል፣ ውጤቱም ፕሮፐርቲው ይቀየራል ስክሪኑ ግን አይታደስም። መፍትሄው ዩዝ ዲፋይን ፎር ክላስ ፊልድስ የሚለውን ፎልስ ማድረግ ነው፣ ወይም ዲክሌር ብሎ ማወጅ፣ ወይም በአዲሱ ዲኮሬተር አክሰሰር የሚለውን ቃል መጨመር ነው። ሊትም ራሱ ዶክመንቴሽኑ ላይ ጽፎታል፣ ዴቨሎፕመንት ሞድ ላይም ኤረር ያወጣል፣ ቢሆንም አዲስ ለሚገባ ሰው እንደዚህ አይነት ነገር በር ላይ መቀመጡ ደስ አይልም። ግማሽ ነጥብ ምቀንስበት በዚህ ነው።

ሁለተኛው ፎርም ነው። ኢንፑታችሁ ሻዶው ዶም (ከተቀረው ገጽ የተነጠለ የኮምፖነንቱ የራሱ ክፍል) ውስጥ ስለሆነ ያለበት ፎርም አያየውም፣ ሰብሚት ሲደረግ ቀኑ አብሮ አይሄድም። ሪአክቱ ላይ ይሄ ችግር አይታይም ምክንያቱም እዛ ኢቨንት ሰምታችሁ ስቴት ውስጥ ነው ምታስገቡት፣ የፒኤችፒው ፎርም ላይ ግን ወዲያው ይታያል። ፎርም አሶሽዬትድ ትሩ ብላችሁ በአታች ኢንተርናልስ ቫልዩውን ለፎርሙ መስጠት አለባችሁ፣ ሳፋሪ ይሄን የደገፈው በ2023 በ16.4 ነው፣ ከዛ በፊት ያለ አይፎን ካላችሁ አስቡበት። ይሄ የሊት ጥፋት አይደለም የስታንዳርዱ ባህሪ ነው፣ ግን ሊት ላይ የተዘጋጀ ነገር የለም በእጅ ነው ሚጻፈው።

ስታይሉ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ሻዶው ዶም የደንበኛው ሲኤስኤስ ኮምፖነንታችሁን እንዳያበላሽ ይጠብቃል፣ የክሊኒኩ ገጽ ላይ ቴብል የሚባለውን ሁሉ ቀይ ቦርደር የሚያለብስ ሲኤስኤስ አለ እኔ ጋ አልደረሰም። በተቃራኒው ደግሞ ደንበኛው ከለሩን ልቀይር ቢል እናንተ በሩን ካልከፈታችሁለት አይችልም፣ ስለዚ የሲኤስኤስ ቫሪያብልና ፓርት (ከውጪ ስታይሉ እንዲቀየር ስም የተሰጠው ክፍል) ታወጣላችሁ። ፎንት ከውጪ ይወርሳል፣ ገጹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከሆነ ካላንደሩም እሱ ይሆናል፣ ስለዚ ፎንት ፓኬጁ ውስጥ አትጨምሩ፣ ክብደቱ ለከንቱ ነው፣ ፎንት ፌስ ደግሞ ሻዶው ዶም ውስጥ ብታውጁትም አይሰራም። ኢቨንት ስትልኩ በብልስና ኮምፖዝድ ትሩ ማለት አትርሱ፣ ያለዛ ከሻዶው ዶሙ ውጪ ያለ ኮድ ላይሰማው ይችላል።

ሪአክት ጋር ያለው ነገር ድሮ ያስጠላ ነበር፣ ሪአክት ለከስተም ኤለመንት (ብራውዘሩ ላይ የተመዘገበ የራሳችሁ ታግ) ሁሉንም ነገር እንደ ጽሁፍ አትሪቢዩት ነበር የሚሰጠው፣ የራሳችሁን ኢቨንትም አይሰማም ነበር፣ መጠቅለያ ያስፈልግ ነበር። ሪአክት 19 በዲሴምበር 2024 ከወጣ በኋላ ይሄ ተፈትቷል፣ 18 ላይ ላለ ሰው የሊት የሪአክት መጠቅለያ ፓኬጅ አለ። ቪው ላይ ይሄ ታግ የቪው ኮምፖነንት አይደለም ብላችሁ ኮምፓይለሩን መንገር ብቻ ነው፣ አለቀ። ኔክስት (የሪአክት ፍሬምወርክ) ለምትጠቀሙ ሰርቨር ላይ ሬንደር የማድረጉ ነገር ገና ላብስ የሚባለው የሊት የሙከራ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ክላየንት ላይ ብቻ ጫኑት።

አሁን ፓኬጅ ወደ ማድረጉ፣ እዚህ ጋ ቀስ እንበል።

ቫይትን ሁሉም ሰው ላይብረሪ ሞድ አለው ተጠቀምበት ይላል። ጥሩ ነው፣ ዴሞ ገጹን ለመስራት በጣም ፈጣን ነው፣ እኔም ለዛ እጠቀምበታለሁ። ግን ለፓኬጁ ራሱ የታይፕስክሪፕት ኮምፓይለር ብቻ ይበቃል። የሊት ሰዎችም የሚመክሩት ይሄንኑ ነው፣ ባንድል አታድርጉ፣ ሚኒፋይ (ኮዱን ማጨናነቅ) አታድርጉ፣ ፖሊፊል (ለአሮጌ ብራውዘር የሚጨመር ኮድ) አትጨምሩ፣ ዘመናዊ ሞጁል አድርጋችሁ አውጡ፣ የቀረውን ተጠቃሚው ራሱ ይጨርሰዋል። ምክንያቱም ሊትን ውስጡ አስገብታችሁ ባንድል ካደረጋችሁት ሌላ በሊት የተሰራ ኮምፖነንት ያለበት ፕሮጀክት ላይ ሊት ሁለቴ ይጫናል። ቫይት የታይፕ ፋይሎቹንም በራሱ አያወጣም፣ ዞሮ ዞሮ ኮምፓይለሩ ያስፈልጋችኋል። ቫይት የጠቀመኝ ለክሊኒኩ ነው፣ ባንድለር ለሌለው ሰው ሊትን ጨምሮ ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጎ ይሰጠኛል፣ እሱን በአንድ የስክሪፕት ታግ ይጠራዋል። ስለዚ ፓኬጁ ውስጥ ሁለት መግቢያ አለ፣ ለባንድለር ተጠቃሚና ለባዶ ገጽ፣ ፓኬጅ ዶት ጄሰን (የፓኬጁ መረጃ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ ኤክስፖርትስ የሚለው ውስጥ ሁለቱም ተጽፈዋል፣ ታይፕስ የሚለው ከሁሉም ቀድሞ መምጣት እንዳለበት ልብ በሉ።

ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ ምላችሁ ሳይድ ኢፌክትስ የሚለውን ነው። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ቴምፕሌት ላይ ብዙ ጊዜ ፎልስ ተደርጎ ነው ሚመጣው። የዌብ ኮምፖነንት ፋይል ግን ስራው ራሱ ሳይድ ኢፌክት ነው፣ ኢምፖርት ሲደረግ ታጉን ይመዘግባል፣ ፎልስ ካላችሁት ባንድለሩ ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ፕሮዳክሽን ላይ ያወጣዋል፣ ዴቨሎፕመንት ላይ ይሰራል ዲፕሎይ ሲደረግ ባዶ ቦታ ነው ሚታየው፣ እና ተጠቃሚው የሚፈርደው እናንተ ላይ ነው። የሚመዘግበውን ፋይል ስም ጥቀሱለት።

ሌላው፣ አንድ ታግ ሁለቴ ከተመዘገበ ብራውዘሩ ኤረር ይጥላል፣ አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቨርዥን ከገባ ይሄ ይከሰታል። ክላሱን በአንድ ፋይል ምዝገባውን በሌላ ፋይል አድርጋችሁ ለዩት፣ ከመመዝገባችሁ በፊትም ተመዝግቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ፐብሊሽ ከማድረጋችሁ በፊት ኤንፒኤም ፓክ የሚለውን ትዕዛዝ ውደዱት። ኤንፒኤም ላይ የሚወጣውን ቁልጭ አድርጎ አንድ የታመቀ ፋይል ያደርግላችኋል፣ ድራይ ረን ካላችሁት ደግሞ ዝርዝሩን ብቻ ያሳያችኋል። ውስጡ ያለውን እዩ፣ ሶርስ ፎልደር፣ የሚስጥር ፋይል፣ የዴሞ ፎቶ፣ ምን ምን እንደገባ። ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ ፋይልስ የሚለው ላይ የሚወጣውን ፎልደር ብቻ ጻፉ። ከዛ ያንን የታመቀ ፋይል በፍላሽም ቢሆን ወስዳችሁ ፕሮጀክቱ ላይ ኢንስቶል አድርጉት፣ ሊት ካሽ ላይ ካለ ዳታ አያስፈልገውም። ሶስቱም ደንበኞች ጋ በዚህ ነው ፐብሊክ ሳይሆን በፊት የሞከርነው።

ኤንፒኤም ራሱን እንደ ሰርቪስ ብገመግመው፣ ከሁሉ በፊት ለኛ ትልቁ ነገር ፐብሊክ ፓኬጅ ነጻ መሆኑ ነው። የዶላር ካርድ አይጠይቅም። ስንት ሰርቪስ ጥሩ ሆኖ እያለ ካርድ አስገባ በሚለው ገጽ ላይ ነው ምንቆመው፣ ይሄኛው ኢሜይልና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ብቻ ነው ሚፈልገው፣ ኮዬ ፈጬ ያለ ልጅና ትልቅ ካምፓኒ ያለ ልጅ በአንድ ትዕዛዝ ነው የሚያወጡት። አንዴ ኤንፒኤም ላይ ከወጣ ደግሞ ጄኤስዴሊቨርና አንፒኬጂ ያለ ምንም ተጨማሪ ስራ ፋይሉን በሲዲኤን (ገጾች ፋይል በሊንክ በቀጥታ የሚጠሩበት ሰርቨር) ያቀርቡታል፣ ለዛ ባንድለር ለሌለው ገጽ ይሄ ግሩም ነገር ነው። በራሳችሁ ስም ስር የምታወጡ ከሆነ ግን በባህሪው ፕራይቬት ነው ሚያስበው፣ አክሰስ ፐብሊክ ካላላችሁት አይቀበላችሁም።

የማይታጠፈውን ህግ እወቁት። አንድ ቨርዥን ቁጥር አንዴ ከወጣ ብታጠፉትም እንኳ ያንን ቁጥር ዳግም መጠቀም አይቻልም። ማጥፋት ራሱ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚቀለው፣ ያውም ሌላ ፓኬጅ ካልተደገፈበት፣ ከዛ በኋላ ተጨማሪ መስፈርቶች አሉ፣ በሳምንት ከ300 በታች ዳውንሎድ መሆን አለበት፣ ባለቤቱም አንድ ሰው ብቻ መሆን አለበት። ሰው ይሄን ሲሰማ ከባድ ይለዋል እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ በፈረንጅ 2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ፓኬጅ ባለቤቷ ሲያነሳት የስንቱ ፕሮጀክት ቢልድ እንደቆመ ይታወቃል፣ ህጉም የጠበቀው ከዛ ወዲህ ነው። ክሊኒኩ የኔን ፓኬጅ አምኖ እያለ እኔ በተናደድኩበት ቀን ማጥፋት መቻል የለብኝም። ስህተት ያለበት ቨርዥን ካለ ዲፕሪኬት (አትጠቀሙበት የሚል ማስጠንቀቂያ) ብላችሁ አዲስ አውጡ።

ደህንነቱ ላይ በሴፕቴምበር 2025 የሆነውን አንብቡ። ኤንፒኤም ነኝ በሚል የማጭበርበሪያ ኢሜይል የአንድ ባለቤት አካውንት ተወስዶ ቾክና ዲበግ የመሳሰሉ በሳምንት በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ የሚወርዱ ፓኬጆች ውስጥ ጎጂ ኮድ ገብቶ ነበር። እኛ ትንሽ ነን ማን ያየናል አትበሉ፣ የብድር ማህበር ገጽ ላይ የሚጫን ኮድ ነው እኮ። ትረስትድ ፐብሊሺንግ የሚባለው ከ2025 ጀምሮ አለ፣ ፐብሊሹ ከጊትሀብ አክሽንስ (ኮዱን ጊትሀብ ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ) በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ላፕቶፓችሁ ላይ የሚሰረቅ ቶከን (የፐብሊሽ ቁልፍ) አይቀመጥም። ለኔ ሌላም ጥቅም አለው፣ እኔ የጊት ታግ (የቨርዥን ምልክት) ብቻ ነው ምገፋው፣ ቢልዱና ፐብሊሹ እዛ ነው ሚካሄደው፣ መሀል ላይ መብራት ቢሄድም ግማሽ መንገድ ላይ አይቀርም።

ቨርዥን አሰጣጥ ላይ ጥብቅ ሁኑ። የአትሪቢዩት ስም መቀየር ሜጀር (የቨርዥኑ የመጀመሪያ ቁጥር የሚጨምርበት ለውጥ) ነው፣ የሲኤስኤስ ፓርት ስም መቀየርም ሜጀር ነው ምክንያቱም ሰው ስታይሉን እዛ ላይ አስሯል፣ የሚመልሰውን የቀን ፎርማት መቀየር አንድ መስመር ቢሆንም ሜጀር ነው። ከ1 በታች ያለ ቨርዥን ላይ ደግሞ ካሬት ምልክቷ (^) የምትፈቅደው መጨረሻ ያለውን ቁጥር ብቻ ነው፣ 0.2 ላይ ያለ ሰው 0.3 በራሱ አይመጣለትም፣ ስለዚ ሰው ፕሮዳክሽን ላይ እየተጠቀመበት ከሆነ 1.0 በሉትና ኃላፊነቱን ውሰዱ።

ሪድሚውን (የፓኬጁን መግለጫ ፋይል) በአማርኛ ጻፉ። የእንግሊዝኛውም ይኑር፣ ግን መጀመሪያ አማርኛው። እኔ ጋ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ኮዱን ሳይሆን ሪድሚውን ነው የሚፈሩት፣ ደግሞም የኛን ካላንደር የሚፈልግ ሰው ማን ሆነና።

ከሊት ሌላ ስቴንስል አለ፣ ቪውም ስቬልትም ከስተም ኤለመንት ማውጣት ይችላሉ፣ መጥፎ አይደሉም። ሊትን የመረጥኩት ለብራውዘሩ ቅርብ ስለሆነ ነው። እዚህ ሀገር የሊት ጥያቄ ብትጠይቁ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ትንሽ ነው፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁሉም ሪአክት ነው የሚያወራው፣ እሱን አውቃችሁ ግቡ። ኮድ ኤዲተራችሁ ላይም የሊት ኤክስቴንሽኑን ጫኑ፣ ያለሱ ኤችቲኤምኤሉ ተራ ጽሁፍ ሆኖ ነው ሚታየው።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ሊት 4.5 ከ5፣ ኤንፒኤም 4፣ ቫይት ለዚህ ስራ ብቻ 3። ቲማችሁ ሪአክት ብቻ ከሆነና ነገም ሪአክት ብቻ እንደሚሆን እርግጠኛ ከሆናችሁ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፣ የሪአክት ኮምፖነንት ስሩ። ደንበኛችሁ ዛሬ ፒኤችፒ ነገ ሌላ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ ሂዱ። ክሊኒኩ አሁን ደግሞ የቀጠሮ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ይሁንልን እያለ ነው፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሲባል ዳታቤዙ ውስጥ 9 ሰዓት ሆኖ የሚገባ፣ እሱንም ለብቻው ፓኬጅ አድርጌ በሊት ጀምሬዋለሁ።